ከልጣጩ ጋር ምን እንጥላለን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከድሬዳዋ፣ ከሐረርና ከአካባቢው ከደረሱን ጥያቄዎች ውስጥ የዛሬዎቹ ሁሉ ስለ አትክልት ልጣጭ ናቸው። ጉዳዩ በደንብ ቢብራራ ይጠቅማል፤ ስለ ልጣጭ ከሚወራው ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ግን ሰው ሊያሳምም ይችላል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። «የአትክልት ቫይታሚን ሁሉ ልጣጩ ላይ ነው፣ አትጣሉት» የሚል መልእክት በስልክ ደርሶኛል። ከዚያ ወዲህ ልጣጭ ስጥል ቅር ይለኛል። እውነት ነው ወይ? ከሆነስ የትኛው ይበላል፣ የትኛው ይጣላል? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ እህታችን፣ መልእክቱ አጋንኖታል። የድንች ቫይታሚን ሲና ፖታሲየም በአብዛኛው ያለው በውስጡ ነው፤ ልጣጩ ከድንቹ ክብደት ትንሽ እጅ ብቻ ነውና። ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው የካሮት ብርቱካናማ ቀለም፣ ቤታ ካሮቲንም ከላይ እስከ እምብርቱ ተሰራጭቶ ይገኛል። ልጣጭ የሚበልጠው በሌላ ነገር ነው። ተክል ከፀሐይ ጨረር፣ ከነፍሳትና ከሻጋታ የሚከላከልባቸውን ውህዶች የሚያከማቸው ጠላቱን መጀመሪያ በሚያገኝበት በላይኛው ሽፋኑ ላይ ነው። ፖሊፌኖል የሚባሉት ውህዶች ትልቁ ክፍል ከእነዚህ ይመደባል። በዚያ ላይ ለአንጀት የሚበጀው አሰር (ፋይበር) በልጣጩ ውስጥ በርከት ይላል።

ከቲማቲም እንጀምር፤ በብዛት የሚባክነው እሱ ነውና። የቲማቲም ቀይ ቀለም ላይኮፒን ይባላል፤ በልጣጩ ላይ ያለው ክምችት ከውስጡ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሆኖም ልጣጩን ጥሬውን ቢውጡት አብዛኛው ሳይፈጭ ያልፋል። ላይኮፒን የሚሟሟው በቅባት ነው፤ ከተክሉ ሕዋስ የሚላቀቀውም ሲበስልና ሲፈጭ ነው። ስለዚህ ለፓስታ ሱጎ ቲማቲሙን በፈላ ውሃ ነክረው ልጣጩን ከመጣል ይልቅ እንዲህ ያድርጉ፦ 1 ኪሎ በደንብ የቀላ ቲማቲም ታጥቦ ይከተፍ፣ በ2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀስ ባለ እሳት ይብሰል፣ ትንሽ በረድ ሲል ከነልጣጩ በጁስ መፍጫ ይፈጭ። ሳይበርድ ከፈጩት እንፋሎቱ ክዳኑን ገፍቶ እጅ ያቃጥላል። መፍጫ ከሌለ ልጣጩን ለብቻው በጣም አድቅቆ መክተፍና ከሽንኩርቱ ጋር ማቁላላት ይቻላል።

ካሮት በብሩሽ ወይም በሸካራ ጨርቅ ተፈግፍጎ ቢታጠብ መላጥ አያስፈልገውም። ክሎሮጂኒክ አሲድ የሚባለው ፖሊፌኖል በብዛት የሚገኘው ከላዩ ላይ ነው። ደበርጃንም እንዲሁ ነው፤ ሐምራዊ ያደረገው ቀለም ናሱኒን የተባለ ውህድ ሲሆን ያለው በልጣጩ ላይ ብቻ ነው።

ቀይ ሥር ሲቀቀል ከግንዱ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ይተውለት፣ ጭራውም አይቆረጥ። ከተቆረጠ ቤታሌይን የተባለው ቀይ ቀለሙ ወደ ውሃው ይፈሳል። የቀለሙ ክምችት የሚበዛው ልጣጩና ከልጣጩ ሥር ያለው ክፍል ላይ ነው፤ ስለዚህ ጥሬውን በቢላ ከመላጥ ከነልጣጩ ቀቅሎ በእጅ መግፈፍ ይሻላል። በዚያ መንገድ የሚወጣው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። የልጣጩ የአፈር ሽታ ጂኦስሚን ከሚባል ውህድ የሚመጣ ነው፤ ጉዳት የለውም፣ ሎሚ ሲጨመርበት ይቀንሳል። ሐረር ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ከድሬዳዋ ዝቅ ባለ ሙቀት ነው፤ ስለዚህ እዚያ ቀይ ሥር ለመብሰል ትንሽ ተጨማሪ ደቂቃ ይፈልጋል። ከበሉ በኋላ ሽንት ቢቀላ አይደንግጡ፣ ቀለሙ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ቤት ለሾርባና ለሳምቡሳ በረመዳን የሚከተፈው ሽንኩርት ብዙ ነው። የቀይ ሽንኩርት ገለፈት ተፈልቶ ሲጠጣ ለደም ግፊት መድኃኒት ነው ሲሉ ሰማሁ። እናቴ ግፊት አለባት። እንዴት ነው የሚዘጋጀው? (ከጀጎል፣ ሐረር)

መልስ፦ ገለፈቱ በእርግጥ ሀብታም ነው። ኩዌርሴቲን የተባለው ፖሊፌኖል በደረቁ ገለፈት ላይ ከሚበላው ክፍል በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ወደ እምብርቱ በተጠጉ ቁጥርም ይቀንሳል። ሁለት ነገር ግን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ በገለፈቱ ላይ ያለው ኩዌርሴቲን በውሃ እምብዛም አይሟሟም፤ ስለዚህ ብዙው ከገለፈቱ ጋር ይቀራል፣ ወደ ኩባያው የሚወርደው ጥቂቱ ነው። ሁለተኛ፣ በሚበላው ክፍል ውስጥ ያለው ኩዌርሴቲን ከስኳር ጋር የተጣበቀ በመሆኑ ሰውነት በተሻለ ይቀበለዋል። መጠነኛ የግፊት መቀነስ የታየባቸው ጥናቶች የተጠቀሙት በቀን 500 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ የተጣራ ኩዌርሴቲን ነው። 100 ግራም ቀይ ሽንኩርት የሚይዘው ግን በአማካይ ወደ 40 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። የገለፈት ሻይ የግፊት መድኃኒት አይተካም። እናትዎ ክኒናቸውን በዚህ ምክንያት አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጡ አደራ እንላለን።

የሚጠቅመው ሥራ ሌላ ነው፤ አላላጡን ማስተካከል። ብዙዎቻችን ገለፈቱ አልላቀቅ ሲለን የመጀመሪያውን ወፍራም ንጣፍ አብረን ገፍፈን እንጥላለን። ከሚበላው ሽንኩርት ሁሉ በኩዌርሴቲን የበለጸገው ያ ንጣፍ ነው። ሽንኩርቱን ራሱንና ጭራውን ቆርጠው ለ5 ወይም 10 ደቂቃ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ ገለፈቱ ብቻውን ይወጣል። ኩዌርሴቲን ሙቀት ይችላል፤ ሽንኩርቱ እስኪያር ካልተቁላላ በቀር በወጥ ውስጥ አብዛኛው ይቆያል። ሲቀቀልም ወደ መረቁ ይወጣል እንጂ በቀላሉ አይጠፋም፤ መረቁን አይድፉት።

ገለፈቱን ለመረቅ መጠቀም ከፈለጉ፦ የ4 መካከለኛ ሽንኩርት ንጹሕ ገለፈት ሁለት ጊዜ ይታጠብ፣ በ1 ሊትር ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቀስ ባለ እሳት ይፍላ፣ በጥሩ ወንፊት ወይም በሻሽ ይጠለል። ከዚያ በላይ ከቆየ ይመርራል። ወርቃማ ቡናማ መረቅ ይወጣዋል፤ ለሾርባ፣ ለሩዝ ወይም ለሽሮ በውሃ ፋንታ ይግባ። ገለፈቱ ራሱ አይበላም፤ ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል፣ አይፈጭም።

ማየት ያለብዎት አንድ ነገር አለ። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ቦታ የቆየ ሽንኩርት ገለፈቱ ሥር ከሰል የመሰለ ጥቁር ዱቄት ያበቅላል። ሻጋታ ነው። እንዲህ ያለ ገለፈት ለመረቅ በፍጹም አይሆንም። ሻጋታው ከላይ ብቻ ከሆነና ውስጡ ጠንካራ ከሆነ ያንን ንጣፍ ገፍፎ፣ አጥቦ ሽንኩርቱን መጠቀም ይቻላል፤ ከለሰለሰ ወይም ከሸተተ ግን ሙሉውን ይጣሉት።

እናትዎ ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ መረቁን የየዕለት ልማድ ከማድረጋቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ። የብረት ክኒን ለታዘዘላት ነፍሰ ጡርም የምንለው አለ፤ ፖሊፌኖል ብረት በአንጀት እንዳይመጠጥ ስለሚይዝ በክኒኑና በመረቁ መካከል ሁለት ሰዓት ያህል ይለፍ። ለሻይና ለቡናም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ሐረማያ ከጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይቼ የምኖር ተማሪ ነኝ። ድንች ከነልጣጩ ቀቅለን በዳጣ እንበላለን። አንዳንዱ አረንጓዴ ሆኖ ይመጣል፤ ሲቀቀል መርዙ ይጠፋል ይባላል። ያለ ስጋት መብላት እንችላለን? (ከሐረማያ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ንጹሕ ድንች ከነልጣጩ መብላታችሁ ጥሩ ነው። ክሎሮጂኒክ አሲዱም አሰሩም ልጣጩ ላይ ይበዛል። አረንጓዴውን ግን አትብሉ። ይህን አጥብቀን የምንለው ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት ነው።

ድንች ሶላኒንና ቻኮኒን የሚባሉ መርዛማ ውህዶችን ያመርታል፤ የሚያከማቸውም በልጣጩ፣ በቡቃያውና በዓይኑ ዙሪያ ነው። ድንች በብርሃን ላይ ሲውል ሁለት ነገር ጎን ለጎን ይሆናል፦ አረንጓዴ ቀለም ያወጣል፣ መርዙም ይጨምራል። አረንጓዴው ራሱ ክሎሮፊል ነው፣ አይጎዳም፤ ድንቹ ብርሃን ላይ መክረሙን ግን ይነግረናል። ተቀጥቅጦ ወይም ተቆርጦ የቆየ ድንች ደግሞ ሳያረነጉድም መርዙ ሊጨምር ይችላል።

ለገበያ ለረጅም ጊዜ ሲመከር የኖረው የእነዚህ መርዞች ጣሪያ በ1 ኪሎ ጥሬ ድንች 200 ሚሊ ግራም ነው፤ ጤነኛ ድንች ከዚህ በታች ይይዛል። ሕመም ሊጀምር የሚችለው በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ1 ሚሊ ግራም አካባቢ ጀምሮ ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን እንግዲህ በ20 ሚሊ ግራም ሊታመም ይችላል ማለት ነው፤ ለልጆች መጠንቀቅ ያለብን ለዚህ ነው። ምልክቱ አፍና ጉሮሮ ላይ ማቃጠል፣ ማቅለሽለሽ፣ ትውከት፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ነው። ብዙ ሰው ምግቡ ተበላሽቶ ነው ብሎ ያልፈዋል።

መቀቀል መርዙን በአስተማማኝ አያጠፋውም። ውሃው የሚፈላው በእናንተ ከፍታ ከ100 ዲግሪ በታች ነው፤ ሶላኒን ደግሞ ከዚያ እጅግ የበለጠ ሙቀት ይችላል። የተወሰነው ወደ ውሃው ስለሚወጣ የቀቀላችሁበትን ውሃ ድፉት። መጥበስም በከፊል ብቻ ነው የሚቀንሰው።

የምታደርጉት እንዲህ ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ ያረነጎደ ወይም አጭር ቡቃያ ያወጣ፣ ነገር ግን ጠንካራ የሆነ ድንች፦ አረንጓዴውንና ዓይኑን ከነዙሪያው ጠለቅ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ቀሪውንም ላጡት። በሰፊው ያረነጎደ፣ የተጨማደደ ወይም ረጅም ቡቃያ ያወጣ፦ ይጣል። ተቀቅሎ ሲቀመስ የሚመርር ወይም ምላስ የሚያቃጥል፦ ተፉት፣ ዳጣው ግን ማቃጠሉን እንዳይሸፍንባችሁ መጀመሪያ ድንቹን ብቻውን ቅመሱ። ስትገዙም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ከዋለው ክምር ይልቅ ከጆንያው ውስጥ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ቤት ውስጥ ብርሃን በሚያሳልፍ ፌስታል አታቆዩት፤ ጨለማና ነፋሻ ቦታ በጆንያ ወይም በካርቶን ይቀመጥ። ድሬዳዋ ላሉ አንባቢያን፦ ሙቀቱ ቡቃያ ያፋጥናልና የሳምንቱን ብቻ ይግዙ።

ስኳር ድንች ሶላኒን የለውም፤ ልጣጩ በደህና ይበላል። ነገር ግን ስኳር ድንች ሲሻግት ወይም በትል ሲበላ ራሱን ለመከላከል ሌላ መርዝ ያመነጫል። ይህም በማብሰል አይጠፋም፤ የጠቆረና የሚመርር ክፍል ያለው ስኳር ድንች ይወገድ።

ጥያቄ፦ ከቀፊራ ገበያ የምገዛው አትክልት መድኃኒት የተረጨ ነው ብዬ እፈራለሁ። ልጣጩን መብላት መድኃኒቱን መብላት አይሆንም? በአቼቶ አጥባለሁ፣ ይበቃል? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። የተረጨ ጸረ ተባይ መጀመሪያ የሚያርፈው ልጣጭ ላይ ነው። የምንመክረው ቅደም ተከተል፦ አትክልቱን ከመቁረጥዎ በፊት በሚፈስ ውሃ በእጅ እያሹ ያጥቡ፤ ማሸቱ ከውሃው ይበልጣል። ቀጥሎ በ1 ሊትር ውሃ 2 የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም ወደ 10 ግራም ቤኪንግ ሶዳ አሟሙተው ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይንከሩት፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። ይህ መጠን በአፕል ላይ ተፈትኖ ከላይ የቀሩ የተወሰኑ መድኃኒቶችን ከተራ ውሃ በተሻለ አስወግዷል። ቤኪንግ ፓውደር ግን አይተካውም፤ አሲድና ስታርች የተቀላቀለበት ነው። በሳሙና አያጥቡ፣ በልጣጩ ቀዳዳዎች ሰርጎ ይቀራል።

ሁለት ነገር በዚህ አይፈታም። ተክሉ በሥሩና በቅጠሉ የመጠጠው መድኃኒት ውስጡ ስላለ በእጥበት አይወጣም። በቆሻሻ ውሃ ከተጠጣ ማሳ የመጣ አትክልት ላይ የተጣበቀ የወስፋት እንቁላል ደግሞ በአቼቶ አይሞትም፤ ማሸትና ማጠብ ይቀንሰዋል፣ በደንብ ማብሰል ይገድለዋል። ከየት እንደመጣ የማያውቁትን ካሮት ወይም ቲማቲም ጥሬውን ለሰላጣ ሲፈልጉ ልጠው ይብሉት፤ ልጣጩ የሚሰጠው ጥቅም ከዚያ ስጋት አይበልጥም። የሚበስለውን ግን አጥበው ከነልጣጩ ያብስሉ።

ጥያቄ፦ የካሮት፣ የድንችና የቀይ ሥር ልጣጭ ፀሐይ ላይ አድርቄ ፈጭቼ በጠርሙስ አስቀመጥኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እየጓጎለ መጣ፣ ሽታውም ተለወጠ። ምኑን አጠፋሁ? (ከመጋላ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ይህን ዱቄት ይጣሉት። ጓጎለ ማለት እርጥበት ቀርቶበታል፤ ሽታው መለወጡ ደግሞ ሻጋታ መጀመሩን ያሳያል። ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ በመቁላትም በማፍላትም አይለቅም፣ ከላይ ከላይ እየጠረጉ የሚድንም አይደለም።

ድንቹ ጭራሽ መግባት አልነበረበትም። ትኩስ ልጣጭ አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው፤ ሲደርቅ በእፍኝ ዱቄት ውስጥ ብዙ እፍኝ ልጣጭ ይገባል። ሶላኒኑ አብሮ ይጠራቀማል፣ የተረጨው መድኃኒትም እንዲሁ። ስለዚህ ለዱቄት የሚሆነው ከሚያምኑት ማሳ የመጣ፣ በጥንቃቄ የታጠበ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ቲማቲም ብቻ ነው።

አደራረቁም ይስተካከል። የድሬዳዋ አየር ሞቃትና ደረቅ በመሆኑ ቀጥታ ፀሐይ አያስፈልግም፤ ፀሐይ ቤታ ካሮቲኑንና ቀይ ቀለሙን ታነጣዋለች። የታጠበውን ልጣጭ በንጹሕ ጨርቅ አድርቀው፣ በሰፌድ ወይም በተወጠረ ወንፊት ላይ ሳይደራረብ ዘርግተው፣ በስስ ሻሽ ሸፍነው ንፋስ በሚያገኝ ጥላ ያኑሩት። ማታ ማታ ወደ ቤት ያስገቡት፤ አለበለዚያ የሌሊቱን እርጥበት መልሶ ይመጥጣል። የደረቀው ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት፤ ከታጠፈና ካልተሰበረ አልደረቀም። ከዚያ በደረቅ ጠርሙስ ሳይፈጭ ለጥቂት ቀን ዘግተው ይዩት፤ የጠርሙሱ ግድግዳ ወዝ ካወጣ እንደገና ይዘርጉት። ሲፈልጉ ብቻ በትንሽ በትንሹ ይፍጩት፤ የተፈጨው በወር ውስጥ ይለቅ። ለአንድ ድስት ሾርባ 1 የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ዝናብ በሚበዛበት ወር ባይሞክሩት ይሻላል።

ጥያቄ፦ አባቴ የኩላሊት ሕመምተኛ ነው። አቅም እንዲሆነው የአትክልት ልጣጭ አፍልተን መረቁን ልንሰጠው አስበናል። (ከሐረር)

መልስ፦ እባካችሁ አትስጡት። የታመመ ኩላሊት ፖታሲየም ማስወጣት ያቅተዋል፤ በደም ውስጥ የተጠራቀመ ፖታሲየም የልብ ምትን ያዛባል፣ ሊገድልም ይችላል። አትክልት ሲፈላ ፖታሲየሙ የሚወጣው በትክክል ወደዚያ መረቅ ነው። ለአባታችሁ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፦ ድንቹ ወይም ካሮቱ ተልጦ፣ በትንንሹ ተቆርጦ፣ በብዙ ውሃ ይቀቀል፤ ውሃው ተደፍቶ በአዲስ ውሃ እንደገና ይቀቀል። መዘፍዘፍ ብቻውን የማብሰሉን ያህል አይቀንሰውም። ስንት መብላት እንዳለበት የሚወስነው የደም ምርመራውን የሚያየው ሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ በሙቀቱ ወቅት ሐብሐብ እናዘወትራለን። ነጩ ክፍል ጥቅም አለው? (ከአዲስ ከተማ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አለው። ሲትሩሊን የተባለው አሚኖ አሲድ በነጩ ክፍል ውስጥም ይገኛል፤ ሰውነት የደም ሥርን ዘና የሚያደርግ ውህድ ለመሥራት ይጠቀምበታል። ውጪውን ጠንካራ አረንጓዴ ሽፋን ላጥ አድርገው፣ ነጩን በጣት ውፍረት ቆርጠው እንደ ዱባ ወጥ ይሥሩት። ከዱባ ይልቅ ውሃ ስለሚያወጣ ውሃ ሳይጨምሩ ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ማንጎ ከነልጣጩ ስበላ ከንፈሬ ዙሪያ ያሳክከኛል፣ ያባብጠኛል። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ በማንጎ ልጣጭና በግንዱ ዙሪያ በሚወጣው ወተት ውስጥ ቆዳ የሚያስቆጣ ውህድ አለ። ልጣጩ ማንጂፈሪን የተባለ ጠቃሚ ፖሊፌኖል ቢኖረውም ለእርስዎ አይሆንም። ሌላ ሰው ይላጥልዎ፣ ውስጡን ብቻ ይብሉ። ትንፋሽ የሚያጥርዎ ወይም ምላስዎ የሚያብጥ ከሆነ ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የተረፈውን ልጣጭ ለፍየሎቼ እሰጣለሁ። የማይሰጥ አለ? (ከድሬዳዋ ዙሪያ)

መልስ፦ የካሮት፣ የቀይ ሥር፣ የዱባና የሐብሐብ ልጣጭ ይስጧቸው። ያረነጎደ ድንችና ቡቃያው፣ እንዲሁም የሻገተ ነገር ሁሉ አይሰጥም። ሽንኩርት በብዛት ሲበላ ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል፤ ፍየል ከላም የተሻለ ትችለዋለች፣ ስለዚህ ለፍየሎቹ ጥቂት፣ ለላም ባይሰጥ ይመረጣል፣ ለውሻና ለድመት ፈጽሞ አይሰጥም። ልጣጩን ከፌስታሉ አውጥተው በገበታ ላይ ይስጡ፤ ፌስታሉን አብራ የበላች ፍየል ሆዷ ተዘግቶ ልትሞት ትችላለች።